እናናዬ ምን አለች?

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ዲሴምበር 22 ቀን 2024 (በእናንተ ታኅሣሥ 13)

ትናንት የመጀመሪያ ውድድሬ ነበር፤ አራተኛው በር ላይ ወድቄ ወጣሁ።

ይድረስ ለጋሼ ፍሥሐ። እንዳዘዙኝ አዲሱን ነገር አስቀድሜያለሁ፤ ሰላምታው አሁን ይከተላል። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እናናዬ እንዴት ናት? አላህ ሁለታችሁንም ያቆይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ጭነት ይዞ ቴክሳስ ነው፤ ሲመጣም ሁለት ሌሊት አድሮ ይመለሳል።

እናናዬ «የምን ውድድር ነው?» ካለች እንዲህ ይንገሩልኝ። ስኪ ይባላል። እግር ላይ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሰሌዳዎች ይታሰራሉ፤ በበረዶ በተሸፈነ ኮረብታ ቁልቁል ይወረዳል። መንገዱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ዘንጎች ተተክለዋል፤ በር ይሏቸዋል። በየበሩ መካከል እየተጠመዘዙ ማለፍ ነው። አንዱን በር የሳተ ምንም ቢፈጥን አይቆጠርለትም። ወደ ላይ የምንወጣው በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጠን ነው። ኮረብታው ትንሽ ነው፤ ጦሳ ተራራ ቢያየው ይስቅበታል። በረዶውም የሰማይ ብቻ አይደለም፤ ሲያንስ በማሽን ይረጩታል።

በትምህርት ቤታችን ቡድን ውስጥ ከኛ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤታችን ጋሼ ዓብደላ ከሰፈራችን ከኢስትሙር እስከ አፐር አርሊንግተን ድረስ በታክሲው ያደርሰኛል፤ የቡድኑ ቫን የሚነሣው ከዚያ ነው። ትናንት መንገድ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ወሎዬ ዳገት ሲወጣ እንጂ ቁልቁለት ሲንሸራተት ማን ጀግና ይለዋል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሌሎቹ ልጆች ሲወርዱ ወላጆቻቸው ከታች ቆመው ይጠብቋቸዋል። እኔ ሰሌዳዬን ተሸክሜ በዳር በዳር ወረድኩ። አሠልጣኛችን ኮች ካረን ሄልሜቴን መታ መታ አደረገችና «ያለፍሽውን በር እርሺው፤ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን እዪ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ልጅ ወደቀችና ወደ እሷ ሄደች።

መውደቄን ለእናናዬ አይደብቁብኝ። እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ብደብቃትም ታውቀዋለች።

ልጅዎ ሱልጣና ሙሳ


ደሴ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ከተማው መብራት አጥቶ ሰንብቶ ነበር፤ ደብዳቤሽን ያገኘነው ዛሬ ጧት ነው።

ልጄ ሱልጣና፣ ሰላምሽ ይብዛ። አምላክ ከወጣሽበት በሰላም ይመልስሽ። የጎረቤቴ ልጅ ማራናታ ስልኳን ይዛ መጣችና እኔ ጮክ ብዬ ለአያትሽ አነበብኩላት። ይህንንም በእጄ ከጻፍኩት በኋላ ማራናታ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ጆሮዬ እንደ በፊቱ ነው፤ ስልክ ለኔ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ በወረቀት እንቀጥል። ላንቺም አማርኛሽ እንዳይዝግ ይረዳል።

አጻጻፍሽ ተሻሽሏል። አዲሱ ነገር ከላይ፣ ምክንያቱ ከሥር፣ አስተያየት ከሁሉ በኋላ። አርባ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሠራሁት በዚህች ደንብ ነው። ሁለተኛዋ ደንብ ሰው ያለውን እንዳለው መጻፍ ናት፤ ከራስ አንዲት ቃል አይጨመርም። የአያትሽን ቃልም በዚሁ ደንብ አቀርባለሁ።

«ቁጭ ብላ ትወጣለች፣ ቆማ ትወርዳለች? ያ አገር ምኑም ቀና አይደለም። እሺ ወደቀች፤ ወድቃ ማን አነሣት? እሱን ጠይቅልኝ። አንተ ወረቀት በላ፣ ዋናውን ነገር መቼ ትጠይቃለህ?»

ስድቡንም አላስቀረሁም። እኔና እሷ የእኅትማማች ልጆች ነን፤ እሷ ሰግዳ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ በአንድ ግቢ አርጅተናል። ስድቧን ብቆርጥ ቃሏ ሌላ ሰው ይመስላል።

ጋሼሽ ፍሥሐ


ኮለምበስ
ጃንዋሪ 12 ቀን 2025 (በእናንተ ጥር 4)

ትናንት እስከ መጨረሻው ወረድኩ፤ ሃያ ሦስተኛ ወጣሁ።

ጋሼ ፍሥሐ፣ እንዴት ከረማችሁ? እንኳን ለገና አደረሰዎ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

ለእናናዬ ጥያቄ መልሱ «ማንም» ነው። ደንቡ ራሱ ይከለክላል። ውድድር ላይ የወደቀ ሰው ራሱ ይነሣል፤ ሌላ ሰው እጁን ከሰጠው ከውድድሩ ይሰረዛል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ገርሞኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ትናንት ቁጥሬ ከመጨረሻዎቹ ነበር። ብዙ ሰው ካለፈ በኋላ በየበሩ ሥር ጉድጓድ ይሠራል፤ እግር ያንቀጠቅጣል። ጉልበቴን በደንብ አጥፌ ያዝኩ። የሚቀጥለውን በር ብቻ ሳይ ያለሁበት ሳይታወቀኝ አለፈ። ከታች ስደርስ ሰዓቱን ቀና ብዬ አየሁ። የማሳየው ሰው ስላልነበረኝ ለኮች ካረን አሳየኋት፤ እሷ ግን ቀድማ አይታው ነበር።

አባዬ ሐሙስ መጥቶ ነበር። «ስንተኛ ወጣሽ ማለት ነው በቃ?» አለኝ። ውድድሩ ገና ቅዳሜ ነው አልኩት። «እሺ፣ ቴክስት አድርጊልኝ» ብሎ ተኛ። ደክሞት ነው። ትናንት «ሃያ ሦስተኛ» ብዬ ቴክስት አደረግሁለት፤ የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ።

ሱልጣና


ደሴ
ጥር 13 ቀን 2017

አያትሽ ጉንፋን ይዟት ከቤት መውጣት ካቆመች ሰነበተች።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ። አትደንግጪ፤ የሆነውን የምጽፈው እንደ ሁልጊዜው ስለ ደንቡ ነው። የጥር ብርድ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «አንተ ቀድመህ ጆሮህን አሳክም» ትለኛለች። ትበላለች፤ ግን ትንሽ ነው።

ደብዳቤሽን ስጨርስላት እንዲህ አለች።

«የወደቀን ሰው ማንም አያንሣው ብሎ ሕግ ያወጣው ሰው እናት የለውም እንዴ? ሱልጤን በላት፦ ሃያ ሦስተኛ ማለት ከኋላዋ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ደግሞ ፎቶ ትላክ። ሰሌዳ ታስራ ስትወርድ ልያት እንጂ በዚህ ሰውዬ አፍ ብቻ እስከ መቼ!»

ፎቶውን ቶሎ ላኪላት። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።

ፍሥሐ


ኮለምበስ
ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 (በእናንተ ጥር 19)

ቅዳሜ ዕለት ዘጠነኛ ወጥቼ ለክልሉ ውድድር አልፌያለሁ።

ጋሼ ፍሥሐ፣ እናናዬ ተሻላት? አላህ ሺፋውን ያውርድላት። ሐኪሙን እንዳትሰድብ ይንገሯት።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ያነሣችኝ የጓደኛዬ እናት ናት። መነጽርና ሄልሜት ስላደረግሁ ፊቴ አይታይም፤ ሰማያዊውን በር ጎን ብዬ የማልፈው እኔ ነኝ።

ቀጣዩ ውድድር ፌብሩወሪ 22 ነው። እስከ አሥረኛ የወጣ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፤ እሱ ማርች 8 በሌላ ስቴት ነው። ኮች ካረን ትችያለሽ ትለኛለች። ያ ካለቀ በኋላ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሰኔ ላይ፣ ወደ እናንተ እመጣለሁ። አባዬ እሺ ብሏል። ስድስት ዓመት ሆነኝ። እናናዬን ራሴ ጦሳ ሥር ወስጄ ቁልቁል እንዴት እንደሚወረድ አሳያታለሁ፤ ያለ በረዶም ቢሆን።

ፎቶዬን ስታይ ምን እንዳለች ይጻፉልኝ። ስድብም ከሆነ እንዳለ ይሁን።

ሱልጣና


ደሴ
የካቲት 3 ቀን 2017

ለምወድሽና ለማከብርሽ ልጄ ለሱልጣና ሙሳ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በያለሽበት አቀርባለሁ። አምላክ ቀኝሽን ያቅናልሽ፤ ጠላት አይይሽ፤ በሄድሽበት ሞገስ፣ በገባሽበት በረከት ይሁንልሽ። የአባትሽን ጉልበት ያጽናው። በባዕድ አገር ከመጣ ነገር ሁሉ ይሠውራችሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለሁ።

ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱ ስለ ዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዘጠነኛ መውጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶውም በጣም ያምራል። ማራናታ ትልቅ አድርጋ አሳትማ ሰጥታኛለች፤ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በደሴ ብርዱ በርትቷል። የመናኸሪያው መንገድ እየታደሰ ነው፤ አቧራው ሰውን አስቸግሯል።

ያኛው ውድድርሽ መቼ ነበር ያልሽኝ? ቀኑን ደግመሽ ጻፊልኝ። አባትሽስ ቤት ነው ወይስ መንገድ ላይ? ይበላል? ይተኛል? እባክሽ ስለሱ በዝርዝር ጻፊልኝ። አንቺም በደንብ ብዪ።

ጋሼሽ ፍሥሐ


ኮለምበስ
ፌብሩወሪ 13 ቀን 2025 (በእናንተ የካቲት 6)

ደብዳቤዎ ውስጥ አዲስ ነገር የለም።

ጋሼ ፍሥሐ፣ ከይቅርታ ጋር ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ምርቃት፣ ከመካከል የመናኸሪያ መንገድ። እኔ እንዲህ ብጽፍልዎ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው ይመልሱልኝ ነበር። የእናናዬ ቃል የለበትም። ጉንፋኗም የለበትም። ድሮ ስለ ሁለታችሁም ይጽፉልኝ ነበር፤ አሁን «እኔ አለሁ» ብለውኛል።

ስለ አባዬ የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቤት ነው። ጭነት የለም ይላል። ጋሼ ዓብደላና ሁለት ሰዎች ከመስጊድ መጥተው ከሱ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ከልምምድ ስገባ ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዓብደላ አይቀልድብኝም። ቅዳሜ ሲያደርሰኝ «በርቺ ልጄ» ብቻ አለ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም። ሚስቱ በሳህን ምግብ ትልካለች። አባዬ ትንሽ ይበላል። ከዚያ «መኪናዋን ላሙቅ» ብሎ ይወርዳል፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ይቀመጣል፤ የትም አይሄድም። ከመስኮቴ ጭሱ ይታየኛል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ «ሂተሩ አቧራ አለው» ይለኛል።

ውድድሩ ፌብሩወሪ 22 ነው፤ ቅዳሜ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። እናናዬ ፎቶዬን አይታ ምን አለች? ቃሏን እንዳለ ይጻፉልኝ። ምንም ካላለችም ምንም እንዳላለች ይጻፉልኝ።

ሱልጣና


ደሴ
የካቲት 9 ቀን 2017

አያትሽ እናናዬ ጥር 24 ቀን ቅዳሜ ጧት አርፋለች።

ጉንፋኑ ወደ ሳንባዋ ወርዶ ነበር። ረቡዕ ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሙን ተሳደበች፤ ሐሙስ ዕለት ግን ድምፅዋ ቀነሰ። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሽማግሌ ነህ ተው ቢሉኝ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ለዚህ ጠቀመኝ።

ልጄ፣ መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ባለበት ነው የሚነገረው። አባትሽ መንገድ ላይ ስለነበር ለሱም የነገሩት እነ ዓብደላ ናቸው፤ ከቴክሳስ እስኪመለስ ጠብቀው፣ እንደ ወጉ። ከዚያ አባትሽ በማራናታ ስልክ ደወለ። እኔ አልሰማ ስል ማራናታ ቃሉን በወረቀት ጻፈችልኝ፦ «ውድድሯ እስኪያልቅ እንዳትነግሯት። ይህን ነገር ብቻ ነው በዚህ አገር የራሷ ያደረገችው።» ቃል ገባሁለት።

ቃሌን ለመጠበቅ ብዬ ያንን ደብዳቤ ጻፍኩ። እናናዬ «ጉንፋኑ ተሽሎኛል» አለች ብዬ ብጨምር ኖሮ ምናልባት አትነቂም ነበር። በሕይወት በሌለች ሴት አፍ ቃል ማስገባት ግን አልቻልኩም። አሁን ደግሞ ጥያቄሽን እንደ ጋዜጠኛ ጠየቅሽኝ፤ ስለዚህ ለአባትሽ የገባሁትን ቃል በልቻለሁ።

ፎቶውን ማራናታ ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ወስዳ አሳይታታለች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ቃሏ ይኸው፦

«ፊቷን በመስተዋት ሸፍነውት የማንን ልጅ ላውቅ! ቆይ፣ ቆይ… ጉልበቷን እዪው እስቲ። ጉልበቱ የኔ ነው። እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ውኃ እንድንሰጣት ብቻ ነው።

ለአባትሽ ማወቅሽን ትነግሪው እንደሆነ አልመክርሽም። ስለኔ ግን ብለሽ ዝም እንዳትዪ። ሙሳ ቢቆጣኝ መቆጣት ይገባዋል። እናቱ ናት።

ነፍሷን ይማር። አንቺን ያጽናሽ።

ፍሥሐ


ኮለምበስ
ፌብሩወሪ 20 ቀን 2025 (በእናንተ የካቲት 13)

አባዬ እኔ ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ነው።

ጋሼ ፍሥሐ፣ አላህ ለእርስዎም ጽናቱን ይስጥዎ። የምትሰድብዎ ሰው አጥተዋል። ስለጻፉልኝም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ነው። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «አይም ጉድ» አልኳት። በዚህ አገር ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ክፍል ገባሁ፤ የሒሳብ ፈተና ነበረን፤ ተፈተንኩ። ማልቀስ የቻልኩት ማክሰኞ ልምምድ ላይ ነው፤ መነጽሩ ይሸፍናል። ሁለት በር ስቼ ወጣሁ። ኮች ካረን በገመዱ ወንበር ላይ አብራኝ ተቀምጣ እስከ ላይ ወጣች።

አሁን ያለው ነገር ይህ ነው።

ትናንት እራት ላይ አባዬ «ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ፤ ከታች እቆማለሁ» አለኝ። የበረዶውን ወራት በሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው። ቀና ብዬ አየሁት፤ ጢሙን አልተላጨም። «ጭነት ከመጣስ?» አልኩት። «ጭነቱ ይቆያል» አለ። ዓይኑን ሳህኑ ላይ አድርጎ «እናናዬ ብታይሽ…» ብሎ ጀመረና ውኃ ጠጣ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም። ሁለታችንም ስለ አንዲት ሴት እያሰብን በአንድ ጠረጴዛ ላይ በላን።

ቅዳሜ እስከ አሥረኛ ከወጣሁ ውድድሩ እስከ ማርች 8 ይቀጥላል። አባዬም ዝምታውን ይቀጥላል። ረመዳን በመካከሉ ይገባል፤ እናቱ ሞታበት፣ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶ ሳይቀመጥ፣ ከኔ ፊት ለፊት ሆኖ ያፈጥራል። እኔ በፈጠንኩ ቁጥር የሱ ሐዘን ይረዝማል።

ዛሬ ወርጄ «አውቄያለሁ» ካልኩት ደግሞ ነገ ጧት እነ ጋሼ ዓብደላ ይመጣሉ። ሶፋው ይወጣል፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሦስት ቀን ሰው ይገባል ይወጣል። ቅዳሜ በዚያ መካከል ናት። እናናዬ ብትጠየቅ ምን እንደምትል ለማሰብ ሞከርኩ። ከዚያ የእርስዎ ደንብ ትዝ አለኝ፤ ያላለችውን ቃል አፏ ውስጥ አላስገባም።

ያለችውን ብቻ ይዣለሁ። ስወድቅ ማን እንዳነሣኝ ጠይቃለች። የወደቀን ሰው ማንም አያንሣው ብሎ ሕግ ያወጣው ሰው እናት የለውም እንዴ ብላለች። ጉልበቱ የኔ ነው ብላለች። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም።

ሰሌዳዎቼን እንዲንሸራተቱ ሰም ቀብቼ በቤታችን በር ሥር አቁሜያቸዋለሁ። የቡድኑ ቫን የሚነሣው ነገ ከትምህርት በኋላ ነው። አባዬ ቅዳሜ ማለዳ በራሱ ይከተለናል ተብሏል።

አሁን በመስኮት አየሁት። የአሮጊቷ ቶዮታችን በር ስለማይቆለፍ ገብቶ ተቀምጧል። ዛሬ ጭስ የለም፤ ሞተሩን አላስነሣም። ውጪው ይበርዳል። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ነው የወረደው።

ጃኬቴን ለብሻለሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፤ ይዤለት ልወርድ ነው። ቫኑ ነገ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ይነሣል።

ልጅዎ ሱልጣና